ባትሪ ሲደክም የሚዋሽ ቴርሞሜትር

ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት የጫጩቶቹን ሣጥን ስከፍት ከሃምሳው አሥራ አንዱ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። የሠራሁት ቴርሞሜትር ግን ስክሪኑ ላይ 33 ዲግሪ ይላል! ከ30 በታች ሲወርድ እንዲጮህ ነበር ያዘጋጀሁት፤ ትንፍሽ አላለም። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። እኛ ቤት የሚያሞቃቸው አምፖል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውኃ አፍልተን በጀሪካን እናስገባላቸዋለን። ስለዚህ ማንቂያው በባትሪ መሥራት ነበረበት። ከአንድ የሊትየም ሴል ጋር አርዱይኖ ላይ የምታገኙትን አትሜጋ328 ቺፕና ቲኤምፒ36 የሚባለውን የሙቀት ሴንሰር አገናኘሁ። የመጀመሪያው ቀን ከሌላ ቴርሞሜትር ጋር አስተያየሁት፣ ልክክ አለ። እዚያ ላይ ነው የተሸወድኩት።

ሴንሰሩ አልዋሸም። በ21 ዲግሪ 0.71 ቮልት ማውጣት አለበት፣ አውጥቷል። ቺፑ ግን ቮልትን ለብቻው አያውቅም፤ የገባለትን ከአንድ መነሻ ቮልቴጅ ጋር አወዳድሮ «ከ1024 ይሄን ያህል ነው» ይላል። መነሻ ካልመረጣችሁለት ራሱ የሚሠራበትን ባትሪ ይወስዳል። እኔ ኮዱ ላይ 4.2 ቮልት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሙሉ የተሞላ ሴል ማለት ነው። የዚያን ሌሊት ሴሉ 3.6 ደርሶ ነበር።

የጉሊት ሚዛን አስቡ። የአንድ ኪሎው ብረት ተሸርፎ 857 ግራም ቢቀር፣ ሻጯ ሳታውቅ 857 ግራሙን ሽንኩርት «አንድ ኪሎ» ብላ ትሰጣችኋለች። 3.6ን ለ4.2 አካፍሉት፣ ያው ነው። የእኔ 21 ዲግሪ 33 ሆኖ የተነበበው በዚሁ ሂሳብ ነው።

እና የማይሸረፍ ብረት ከየት ይመጣል? ዜነር ዳዮድ አለ፤ ግን ሙቀት ብዙ የማይነካው ዓይነት ከ5 ቮልት በላይ ስለሚፈልግ ለአንድ ሴል አይሆንም። መላውን በተግባር ያዋለው ሮበርት ዊድላር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የትራንዚስተር መጋጠሚያ ቮልቴጅ ሙቀት አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 2 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ሁለት ትራንዚስተሮች በተለያየ የከረንት እፍጋት ሲሠሩ ደግሞ የቮልቴጃቸው ልዩነት ከሙቀት ጋር ይጨምራል። የሚወጣውን በልኩ አብዝታችሁ ከሚወርደው ጋር ስትደምሩት 1.2 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል። ባንድጋፕ ይሉታል። ስልካችሁም የራሱን ባትሪ ሲለካ የሚደገፈው እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው።

የሚያናድደው፣ እሱ ነገር እዚያው ቺፔ ውስጥ ነበር! አትሜጋ328 የራሱ 1.1 ቮልት አለው፤ በኮድ አንድ መስመር ነው የሚበራው። እርግጥ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፣ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አብርታችሁት ኤሬፍ የሚባለውን እግር በመልቲሜትር ለኩና የወጣውን ቁጥር ኮዱ ላይ ጻፉ። ከቀየራችሁ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ንባብ ጣሉት፤ ገና አልረጋም።

ከ1.1 በላይ የምትለኩ ከሆነ ከተቃጠለ ቻርጀር ላይ ቲኤል431 ንቀሉ፤ ባለ ሦስት እግር ሆኖ 2.495 ቮልት ይሰጣል። ግን ቢያንስ 1 ሚሊአምፔር ካልጠጣ አይረጋም፣ ሌት ተቀን ከተተወ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። በ680 ኦም ሬዚስተር ከቺፑ አንድ እግር አብሉት፤ ስትለኩ ብቻ ይብራ። ካፓሲተር በግምት አትጨምሩበት፣ የሚያንቀጠቅጡት መጠኖች አሉ።

እኔ በውስጡ 1.1 ነው የቀጠልኩት። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። ሴሉን ለካሁት፣ 3.5። ሣጥኑ ውስጥ 29 ዲግሪ ነበር። እናቴ ከእኔ ቀድማ ውኃውን ጥዳለች።