የእልፍኝ ሙዚቃ

ከደሴ ተነሥቶ ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወደ ወልድያ የሚያቀና መንገደኛ ሲሪንቃን ያገኛል። በዚህ አገር ሠርግ ቤት የገባ ሰው አንድ ባለማሲንቆ አምባሰልን ሲጫወት ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቅኝቱ ስሙን የወረሰው ከዚያው ከጎረቤቱ ተራራማ አገር ነውና። ማሲንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ አለው። አድማጩ ግን ጆሮውን ጣል አድርጎ ዝም ይላል።

አውሮፓውያን ጥቂት ሰዎች በየመሣሪያቸው፥ ያለ መሪ በትር፥ እየተደማመጡ የሚጫወቱትን የእልፍኝ ሙዚቃ ይሉታል። ዱሮ በመኳንንት ቤት ተወስኖ ይኖር ነበር። ወደ ሕዝብ አዳራሽ ካወጡት ሰዎች አንዱ ለንደን የተቀመጠው ቫዮሊን ተጫዋች ዮሐን ፔተር ሳሎሞን ነው። ይኸው ሰው ሐይድንን ከቪየና ይዞት በ1791 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ገባ፤ ሐይድን በ1793 ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የደረሳቸውንም ሥራዎች በማግሥቱ ዓመት ለሕዝብ አሰማለት።

በእኛም አገር የዚህን ሙዚቃ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1962 ተመርቀው ሲመለሱ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ደግሞም «ኮቱሬዢያ» የተባለውን ድርሰት ለፍሉት፥ ለክላሪኔት፥ ለቫዮሊንና ለጃፓኖች ኮቶ ጻፉ። ተጫዋቾቹ አራት ብቻ!

ኮቶ ምን አገናኘው? የሚል ይኖራል። አምባሰልን በፒያኖ ከዶ ጀምረን ብንደረድረው ዶ፥ ሬ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል ይሆናል። ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ቅኝትም እርምጃው ይኸው ነው። (ድርሰቱ በአምባሰል ተጻፈ ማለታችን አይደለም።) የሲሪንቃው ባለማሲንቆና የኪዮቶው ባለኮቶ በአንድ ክፍል ቢቀመጡ፥ አስተርጓሚ ሳያሻቸው በአምስቱ ድምፅ ይግባባሉ ማለት ነው።

ነገር ግን ዛሬ ድምፅ ማጉያ የሌለበት ግብዣ እንደ ልቅሶ ቤት ይቆጠራል። የማሲንቆው ቀስት ክሩን ሲነካ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት በዚያ ጩኸት ውስጥ ይጠፋል። ይህን የለመደ ወጣት የአምባሰልን ድምፅ ያውቃል፤ የአምባሰልን ዝምታ ግን አልሰማም።

በየወረዳው ያላችሁ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ወጣቶች ይህን በአንድ ቅዳሜ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ቫዮሊን ባይገኝ ማሲንቆ፥ ክራርና ዋሽንት አሉ። የሚያስፈልገው ሃያ ወንበር የሚይዝ ክፍልና ማጉያውን ከሶኬቱ የሚነቅል አንድ ሰው ነው።