የጀመዓችን ፎቶዎች የት ይቀመጡ? ስለ ፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ሶፍትዌሮች



ለዘንድሮ ተመራቂዎች መሸኛ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ያሉ ፎቶዎችን በስክሪን እናሳይ ብለን ተነሳን። የቅርብ ዓመታቱ ተገኙ። የመጀመሪያውን ዓመት የኢፍጣር ፕሮግራምና የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ያነሳው ወንድማችን ግን ተመርቆ ሄዷል። ደወልንለት፤ ጀዛሁላሁ ኸይር፣ ሳይሰለች ሀርድ ዲስኩን ላከልን። ስንከፍተው ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ፎቶዎች አሉ፤ ስማቸው ካሜራው የሰጣቸው ቁጥር ብቻ ነው። እሱ የመረጣቸው፣ ያስተካከላቸው፣ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ የጻፈባቸው ሁሉ በድሮው ላፕቶፑ ላይ ከነበረው ሶፍትዌር ጋር ቀርቷል። ላፕቶፑ ደግሞ ተሽጧል። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን እንደገና ለቀምናቸው።

«ለፎቶ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» እያላችሁ ለምትጠይቁን ሁሉ መልሳችን የመጣው ከእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ምን ምን ይሠራል?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት ግን «የሠራሁት ሥራ የት ይቀመጣል?» የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ኮከብ ስትሰጡት፣ ስም ስትጽፉበት ወይም ብርሃኑን ስታስተካክሉ ያንን መረጃ ከሁለት ቦታ በአንዱ ያስቀምጣል። አንደኛው የራሱ መዝገብ ነው፤ ካታሎግ ይሉታል። ሁለተኛው ፎቶው ራሱ ውስጥ፣ ወይም ከፎቶው ጎን በሚቀመጥ ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ላይ ነው። መረጃው በካታሎጉ ብቻ ካለ፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ሥራችሁ አብሮ አይሄድም። የወንድማችን ነገር ይኸው ነበር።

ሶፍትዌሩም ቢሆን ዘላለም አይኖርም። ብዙዎች የለመዱትን ፒካሳን ጎግል በ2016 (እ.ኤ.አ.) አቁሞታል። አፕልም አፐርቸር የተባለውን የባለሙያዎች ሶፍትዌሩን ማሳደግ እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2014 ነው። ላይትሩም በባለሙያዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው፤ ሥራውም ግሩም ነው። ዛሬ ግን የሚገኘው በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ሲሆን፣ በዶላር መክፈያ ካርድ ለሌለው ተማሪ የማይቀመስ ነው። ክላሲክ የተባለው ዓይነቱ፣ በማስተካከያው ገብታችሁ ካላዘዛችሁት በስተቀር፣ ሥራውን በካታሎጉ ውስጥ ነው የሚይዘው። «ክራኩ አለኝ» የሚል ጓደኛ መቼም አይጠፋም። የሰው ሐቅ መሆኑን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ በክራክ ስም ቫይረስ ተሸክሞ የመጣ ላፕቶፕ በጀመዓችን አይተናል።

እኛ የመረጥነው ዲጂካምን ነው። በነፃ የሚታደል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ ነው። ስትጭኑት ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ መረጃውን ፎቶው ላይ እንዲጽፍ ማዘዛችሁን አረጋግጡ፤ ይህን ካልዘነጋችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። የሰውን ፊት ለይቶ ማሰባሰብም ይችላል፤ ይህንንም የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ እንጂ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ልኮ አይደለም።

እኛ ከሁሉ በላይ የጠቀመን የሰዓት ማስተካከያው ነው። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። አንዱ ልጅ ካሜራውን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ነበር፤ ቀኑ 9፡45 ሲሆን ካሜራው ጠዋት 9፡45 ብሎ ያስባል። የሁለት ካሜራ ፎቶዎች ሲቀላቀሉ ከዐስር በኋላ የተነሳው ከዙህር በፊት ተሰልፎ አረፈው! በዲጂካም ፎቶዎቹን በሙሉ መርጠን ስድስት ሰዓት ጨመርንባቸው፤ በአንድ ጊዜ ተስተካከሉ።

የፎልደር ስምም እንደዚሁ ያጨቃጭቃል፤ ሦስት የቀን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። የ1445 ዒደል ፊጥር በእኛ ሚያዝያ 2 ቀን 2016፣ በካሜራው ደግሞ ኤፕሪል 10 ቀን 2024 ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ወሩን ብቻ መጻፍ አያዋጣም። ተከራክረን የተስማማነው ፎልደሩ ሁልጊዜ በካሜራው ቀን እንዲጀምር ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የዝግጅቱ ስም። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል።

አንድ ምልክት ደግሞ ግዴታ አድርገናል፤ «አይለጠፍ» የሚል። ፎቶዋ በቴሌግራም ቻናል እንዲወጣ የማትፈልግ እህት ወይም ወንድም ስትነግረን ምልክቱን እናደርግበታለን። ምልክቱ ፎቶው ላይ ስለሚጻፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ልጅም ስትፈልጉ ያገኘዋል፤ «አላወቅኩም ነበር» ማለት አይችልም።

ስለ ማስተካከል ብዙ አንልም። ካሜራችሁ በጄፔግ ብቻ የሚያነሳ ከሆነ፣ ለመቁረጥና ብርሃን ለመጨመር የዲጂካም የራሱ ማስተካከያ ይበቃል። በሮው ለምታነሱ ዳርክቴብል አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 14 ቢት የሆነ ሮው 16,384 ይይዛል፤ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የተነሳ ፊት የሚተርፈው በዚህ ነው። ዳርክቴብል ዋናውን ፎቶ አይነካም፤ ለውጡን ከጎኑ በኤክስኤምፒ ይጽፋል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ያንቀራፍፋል፤ ለጀማሪም ግራ ያጋባል። ደግሞም ኮከብና ስም ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ቢሻገርም የብርሃንና የቀለም ማስተካከያው አይሻገርም፤ ዳርክቴብል የጻፈውን በትክክል የሚያነበው ዳርክቴብል ነው። ስለዚህ ያለቀለትን ፎቶ በጄፔግ አውጥታችሁ ከዋናው ጎን አስቀምጡ።

«ጎግል ፎቶስ ላይ ብንጭነውስ?» ለሚሉ፦ ያለገደብ በነፃ ማስቀመጥ ሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ላይ አብቅቷል። አሁን ያለው 15 ጊጋባይት ሲሆን ኢሜይላችሁም የሚጋራው ነው። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ሮው 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ ስድስት መቶ ፎቶ ይሞላዋል፤ የአንድ ዒድ ያህል ማለት ነው። ቴሌግራምም ማከማቻ አይደለም፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይቀንሰዋል፣ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት። እኛ ሁለት ሀርድ ዲስክ ይዘናል። አንዱ ከሚዲያ ክፍሉ ተጠሪ ጋር ነው፤ ሌላው ሌላ ዶርም ውስጥ፣ ከማይመረቅ ልጅ ጋር ነው።

ዲጂካምንና ዳርክቴብልን አውርደን አስቀምጠናል፤ ዳታችሁን አታቃጥሉ። ፍላሽ ይዛችሁ ወደ ሚዲያ ክፍሉ ልጆች ጎራ በሉ። ስልካችሁ ላይ የቀሩ የአንደኛ ዓመት ፎቶዎች ካሉም አብራችሁ አምጡልን፤ ከዚያ ዓመት አቀባበል ገና ያላገኘናቸው አሉ።