አሮጌዋ ሴሊካ እና ሊብሬው ላይ የሚጻፈው ስም

ልጅ አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላ ወደ ቤት ከሚያመጣቸው ዜናዎች ሁሉ ቤተሰብን ለሁለት የሚከፍለው “መኪና ልገዛ ነው” የሚለው ነው። አባት ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፤ እናት ስለ መንገዱ ትጨነቃለች። በእኛ ቤት ግን ዜናው ከዚህም የባሰ ነበር። የ27 ዓመቱ ልጄ ሊገዛ ያሰበው እንደ ሰው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሳይሆን፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ በዕድሜም ከራሱ የምትበልጥ የስፖርት መኪና ነበረች፤ ቶዮታ ሴሊካ። እናቴ ፎቶዋን አይታ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” አለችና ወደ ጸሎቷ ተመለሰች።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 24 ዓመት የሠራሁት በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። መኪና ሲባል ለሌላው ሰው ቀለሙ ሲታየው ለእኔ የፖሊስ ሪፖርቱ ይታየኛል። “አይሆንም” ማለት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የ27 ዓመት ሰው በገዛ ገንዘቡ ሊገዛ የቆረጠውን ነገር እናቱ ብትከለክለው ተደብቆ ይገዛዋል እንጂ አይተወውም። ስለዚህ “ከማየቱ እስከ መድኑ አብረን እንሄዳለን” አልኩት። ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ተመሳሳይ ዜና ይዘው ቢመጡ ይጠቅማችሁ እንደሆነ ብዬ የሁለት ወሩን ጉዟችንን አካፍላችኋለሁ።

ለምን አሮጌ መኪና?

መልሱ ገበያው ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ የመኪና ዋጋ በብር ሲታይ ሌላ ነገር ሆነ። ለአንድ ደመወዝተኛ ወጣት፣ ሞተር ያላት መኪና ማለት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባች መኪና ማለት ነው።

ሴሊካን ቶዮታ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ያቆመው በ2006 ነው። ልጄ የተመኛት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ናት፤ የፊት መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚለው። መልኳ ክንፍ ያላት ቢያስመስላትም እኛ ያየናቸው ሁለቱም 1.6 ሊትር ሞተር ያላቸው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከ100 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ሞተሩ በዘመኑ ኮሮላዎች ላይ የተገጠመው ዓይነት ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ። ለኮሮላ ሞተር መርካቶና ሶማሌ ተራ መለዋወጫ አይጠፋም። የሴሊካ መስታወት፣ በር፣ ኮፈንና ብቅ ባዩ መብራት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኙም። ይህ ልዩነት በኋላ መድኑ ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ ያዙልኝ።

ከብረቱ በፊት ወረቀቱ

የመጀመሪያዋ ሴሊካ ቀይ ነበረች። ደላላው አጥቦና ወልውሎ አቆማት። ልጄ በሩን ከፍቶ መሪውን ሲጨብጥ ፊቱን አየሁት፤ ልቡ ገብታለች። እኔ ሊብሬውን ጠየቅሁ። ስሙ የሌላ ሰው ነው። ሻጩ “ውክልና አለኝ” ብሎ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ።

በውክልና መሸጥ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ መኪና የሚሸጠው እንዲሁ ነው። ግን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ውክልናው “መሸጥ” የሚል ሥልጣን በግልጽ ይሰጣል? እስካሁን አልተሻረም? ወካዩስ በሕይወት አለ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። እኔ ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ሻጩ ደላላውን አየ፤ ደላላው መሬት አየ። ባለቤቱ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወራሾቹ ገና አልተስማሙም።

“እማ፣ ዋጋው እኮ በጣም ጥሩ ነው” አለኝ ልጄ በሹክሹክታ። ዋጋው ጥሩ የሆነው ለዚህ ነው አልኩትና ይዤው ወጣሁ። በመንገዱ ላይ አላናገረኝም።

ወረቀት ስታዩ እነዚህን አትዝለሉ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል? ቁጥሩ ያለበት ቦታ ተሞርዶ ወይም እንደገና ተበይዶ አይታይም? መኪናዋ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የለባትም? ይህን ፋይሏ ካለበት የተሽከርካሪ መመዝገቢያ ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካልሆነም ያላገባ ማስረጃው አለ? ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሁላችን እንደምንለው ውልና ማስረጃ፣ ሳይፈረም ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። የስም ዝውውሩንም ለነገ አታሳድሩ።

ከዚያ ብረቱ

ሁለተኛዋ ነጭ ነበረች፤ ሳሪስ አካባቢ ከአንድ አዛውንት ቤት። ስሙ የራሳቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው፣ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቶቿ በፌስታል ተጠቅልለው በተርታ ተቀምጠዋል። ቀለሟ ጥንት የተቀባችው ነው፤ እዚህም እዚያም ደብዝዟል። እኔ የደበዘዘ ቀለም አልፈራም። የምፈራው ለሽያጭ ተብሎ ትናንት የተቀባውን ነው።

መካኒክ ከፍለን ይዘን ሄድን። መካኒኩ የእናንተ ሰው ይሁን፤ ሻጩ ወይም ደላላው የሚጠቁመውን አመስግናችሁ እለፉት። ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቁት ነግረናቸው ነበር፤ የቀዘቀዘ ሞተር ምስጢሩን አይደብቅም። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ መትፋቱን ካላቆመ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት ክዳኑ ሥር ቡናማ ወተት የመሰለ ነገር ከታየም ሐሳቡ አንድ ነው። መካኒኩ ቀጥሎ ማግኔት አውጥቶ በበሮቹና በጎማዎቹ ዙሪያ አዞረ፤ ማግኔት የማይዝበት ቦታ ከላሜራው ላይ ስቱኮ የተለሰነበት ነው። ከወለሉ ምንጣፍ ሥር እርጥበትና ዝገት ፈለገ። ብቅ ባዮቹን መብራቶች አሥር ጊዜ ያህል አስነሥቶ አስተኛ።

የጎማን ዕድሜ ማንም ሰው ራሱ ሊያነብ ይችላል። ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ “2319” ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የነጯ ሴሊካ ጎማ ጥርሱ ያልተበላ፣ ዕድሜው ግን ከአሥር ዓመት ያለፈ ነበር። ብዙ የማትነዳ መኪና ጎማዋ ሳይበላ ያረጃል፤ በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ የሚከዳውም እሱ ነው። አራት ጎማ፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ አልጠቀለል ያለ አንድ የደህንነት ቀበቶ፤ ሁሉንም ጽፈን ደመርነውና ከዋጋው ላይ እንዲነሣልን ጠየቅን። አዛውንቱ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ እኩል ተካፈልነው።

ሁለት ዓይነት መድን፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት

ብዙ ወላጅ “ኢንሹራንስ አለው” ሲባል ይረጋጋል። የትኛው? የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ሕጉ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ወጣ፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 እንደገና ተደነገገ። ይህ መድን ልጃችሁ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የራሱን መኪና አንዲት ፍሬቻ እንኳ አያሠራለትም። ካሳውም በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው ከኪስ ነው። ስለዚህ የኃላፊነት ጣሪያው በተጨማሪ አረቦን ከፍ ይደረግልን ብላችሁ ጠይቁ።

የራስን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ የሚባለው፣ ኮምፕርሄንሲቩ ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። ለሠላሳ ዓመት መኪና ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። የጠየቅነው የመጀመሪያው ኩባንያ ዕድሜዋን ሰምቶ አይሆንም አለ። ሁለተኛው መርማሪ ልኮ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ የመካኒኩን ወረቀት አይቶ ተቀበለን። ያን ወረቀትና ደረሰኞቹን ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ውሉ ላይ በእርሳስ ያሰመርኩባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

የመድኑ ዋጋ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት የንብረት መድን ካሳ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከሚያወጣው በላይ አይከፈልም። ስለዚህ ዋጋ አስጋንኖ ማስመዝገብ አረቦን ከመጨመር በቀር አይጠቅምም። አሳንሶ ማስመዝገብ ግን ይጎዳል። ለምሳሌ 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና አረቦን ለመቆጠብ በ600,000 ብር ብትመዘገብና 200,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ቢደርስባት፣ ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፣ 100,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ ይነሣል። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ በሚቀያየርበት አገር ውሉ በታደሰ ቁጥር ዋጋውም ይታደስ።

የእርጅና ቅናሽ። በአሮጌ ዕቃ ፋንታ አዲስ ሲገጠም ኩባንያው ልዩነቱን ከእናንተ የሚጠይቅበት አንቀጽ አለ። ስንት በመቶ እንደሆነ ቁጥሩን አስጽፉ።

የማይገኝ መለዋወጫ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይህን ነው። የሴሊካ የፊት መስታወት ቢሰበርና ገበያ ላይ ቢጠፋ ኩባንያው ምን ያደርጋል? ገንዘብ ይሰጣል? በየትኛው ዋጋ? ከአደጋ በኋላ ከመጨቃጨቅ በፊቱ ተነጋግሮ በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

የዕቃ ስርቆት። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትሰረቅ የሚሸፍን ውል ስፖኪዮ ወይም መብራት ተነቅሎ ቢሄድ ላይሸፍን ይችላል። በተጨማሪ ክፍያ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ።

ውስጥ ያሉት ሰዎች። የሹፌርና የተሳፋሪ የአካል ጉዳት ዋስትና ለብቻው የሚገዛ ነው። ልጄ ለቀለሙ ሲጨነቅ እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ይህን ነው።

ስሙ የማን ይሁን?

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነበር። አንድ የሚያውቀው ሰው “በእናትህ ስም አድርገው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን አረቦኑ ይቀንሳል” ብሎ መክሮት ነበር። ልጄም ቅን ሆኖ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ደግሞ “ምን አለበት? ልጅሽ አይደል?” አለ።

አልፈረምኩም። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። ሊብሬው በእኔ ስም ከሆነ ልጄ በሌሊት ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከሰሰው የእኔ ቤት ነው፤ ያለን ደግሞ ይኸው ቤት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለኩባንያው “የምነዳው እኔ ነኝ” ብሎ መሙላት እውነት አይደለም። የንግድ ሕጉ መድን ገቢው የሚያውቀውን እውነት እንዲናገር ያስገድዳል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ያፈርሰዋል። በሥራ ዘመኔ ቤተሰብ ፊት ቆሜ “አይከፈልም” ካልኳቸው ቃላት ሁሉ የከበደኝ በዚህ ምክንያት ያልኩት ነው። አባት በጥቂት መቶ ብር ልዩነት የልጁን መኪና በራሱ ስም ያደርጋል፤ በአደጋው ማግስት ግን ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሆኖ ዕዳ ይቆጥራል።

ይህን ለልጄ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “እሺ እማ፣ በራሴ ስም ይሁን” አለ። ከሁለት ወሩ ውስጥ ሰው መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ቅጹን እውነተኛ ዕድሜውንና መንጃ ፈቃድ ያወጣበትን ዓመት ጽፎ ሞላ። አረቦኑ ጨመረ፤ ከደመወዙ ከፈለው።

ለእናንተ የምለው

ለልጃችሁ ገንዘብ መጨመር ብትፈልጉ ለአረቦኑ ወይም ለጎማው ጨምሩ፤ ስማችሁን ግን አታበድሩ። ገንዘብ ባይኖራችሁ ጊዜያችሁን ስጡት፤ ውል ለማንበብ መነጽርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የአደጋ ቀን ምን እንደሚደረግም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ የተጎዳን ሰው ማሳከም፣ ፖሊስ መጥራት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሳይውል ሳያድር ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ፣ ኩባንያው ሳያውቅ በመንገድ ላይ ሽምግልና አለመዋዋል።

ስለ ልጅ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር። የሴሊካ የኋላ ወንበር ለስሙ ነው፤ ሕፃን አስገብቶ በሥርዓት ለማሰር አይመችም። የታላቅ ልጄ ሁለት ሴት ልጆች አጎታቸው እንዲያንሸራሽራቸው በየእሑዱ ይለምኑታል፤ እሱም እንደተስማማነው ከግቢ ሳይወጣ መብራቶቹን ብቅ ጥልቅ እያደረገ ያስቃቸዋል።