ለወላጅ የሚገዛ ኢ-ሪደር፦ ከዕቃው በፊት መጽሐፉ

ዓይናቸው ቢደክምም ከንባብ ያልተለያዩ እናት፣ አባት ወይም አያት ያሉት ሰው፣ በተለይ ኑሮው ውጭ አገር ከሆነ፣ ኢ-ሪደር የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ ልግዛላቸው የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ይመጣለታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግዢው ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዕቃው ነው፤ ኪንድል ይሻላል ወይስ ኮቦ፣ ስንት መጽሐፍ ይይዛል፣ ዋጋውስ ስንት ነው ይላል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እኚህ ሰው ማንበብ የሚወዱት ምንድን ነው፣ ያ መጽሐፍስ የሚገኘው በምን ዓይነት ፋይል ነው የሚለው ነው። የስክሪኑን ስፋት የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ዕቃው ይነበብበት ወይም መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው ደግሞ በአብዛኛው በስክሪኑ ስፋት ይወሰናል።

ኢ-ሪደርን ከታብሌት የሚለየው ስክሪኑ ነው። ስልክና ታብሌት ብርሃን እያበሩ ወደ ዓይን ይልካሉ። የኢ-ሪደር ስክሪን ግን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች የያዙ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች የተደረደሩበት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ጥቁሩ ወይም ነጩ ወደ ላይ ይወጣና ፊደል ይሠራል። ገጹ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ባትሪው ሳምንታት የሚዘልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቢያነቡበት እንደ ወረቀት ይታያል እንጂ አያንጸባርቅም። ሶኒ በ2004 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ፣ አማዞን ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. በኪንድል ይህን ስክሪን ለአንባቢ ካቀረቡ ወዲህ ዕቃው ቀለለ፣ ፊደሉም ጠራ። ለደከመ ዓይን ትልቁ ጥቅሙ ግን የፊደሉን መጠን እንደ ልብ ማሳደጉ ነው።

ችግሩም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ፊደል እንደ ልብ የሚያድገው ፋይሉ እውነተኛ ጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። ኢፐብ በሚባለው ዓይነት ፋይል ፊደሉን ሲያሳድጉት መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፤ ቃላቱ ወደ ታች ይወርዳሉ እንጂ ከስክሪኑ አይወጡም። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ ግን በብዛት ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ ማለትም የገጽ ፎቶግራፍ። ፎቶግራፍ ቢያሳድጉት ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይሆናል፤ አንድ መስመር ለመጨረስ ገጹን ወደ ቀኝ መጎተት፣ ለሚቀጥለው መስመር ወደ ግራ መመለስ ይመጣል። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው። የተለመደው የመጽሐፍ ገጽ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ስክሪን ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል እዚያ ላይ ሲያርፍ 7 ነጥብ አካባቢ ይሆናል፤ መነጽር ቀይረውም የማይነበብ። ፊደላችን ደግሞ ይህን ጉዳት ያባብሰዋል። ቢ እና ቤን፣ ዲ እና ዴን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለችው ጭረት መክበብ አለመክበቧ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት፤ አንባቢውም ቃሉን ከማንበብ ይልቅ መገመት ይጀምራል። ከ10 ኢንች በላይ ስክሪን ያላቸው እንደ ኪንድል ስክራይብና ኮቦ ኤሊፕሳ ያሉት ግን ያንን ገጽ በታተመበት መጠን ያህል ያሳያሉ።

ስለዚህ አባት የሚፈልጉት መጽሐፍ በስካን ብቻ የሚገኝ ከሆነ ትንሹን ኢ-ሪደር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ዋጋው ቢከብድም፣ ሲይዙትም ቢከብድ፣ ትልቁ ይገዛ። በአንጻሩ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ የመሰለ በጽሑፍ መልክ የሚገኝ ንባብ ለሚወዱ እናት 6 ወይም 7 ኢንች ይበቃል፤ 200 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አልጋ ላይ በአንድ እጅ ይያዛል። እዚህ ላይ ገጽ መግለጫ ቁልፍ ያለውን መምረጥ ይበጃል። በስክሪን ብቻ በሚሠራው ላይ አውራ ጣት ሳያስቡት ካረፈ ገጹ ይገለጣል፤ ጣት ቆየት ካለ ቃሉ ይቀልምና መዝገበ ቃላት ብቅ ይላል፤ ከላይ በኩል ከተነካ ደግሞ ሜኑ ይወርዳል። ለለመደ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ላልለመዱት ግን መጽሐፉ የጠፋ ይመስላቸዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረሰባቸው ዳግም አያነሱትም። ኮቦ ሊብራ ቁልፍ አለው፤ አማዞን ግን ቁልፍ የነበረውን ኪንድል ኦኤሲስን መሸጥ አቁሟል።

ታብሌት ይህን ሁሉ አይፈታም ወይ የሚል ይኖራል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ታብሌት የአማርኛ ፊደል ያለ ችግር ያሳያል፣ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ቴሌግራምም በቀጥታ ይከፈትበታል። ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ መነጋገር ለለመዱ ሰው ምናልባት ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ነገር ግን መልእክት በመጣ ቁጥር ንባቡን ያቋርጣል፣ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፣ መስተዋቱም በረንዳ ላይ ፊትን መልሶ ያሳያል። ቴክኖሎጂ ያልለመዱ ሰው ብዙ ነገር ከሚሠራ ዕቃ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ በሚሠራው ላይ ቶሎ ይተማመናሉ። የወረቀቱ መጽሐፍ ምን አደረገ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በጎላ ፊደል የታተመ ከተገኘ እሱን የመሰለ የለም። ችግሩ ከጸሎት መጻሕፍት ባለፈ በጎላ ፊደል የሚታተም ልቦለድ ወይም ታሪክ ማግኘት ማስቸገሩ ነው።

በዚህ ዕድሜ አይለምዱትም የሚሉ ልጆች አሉ። ይህ አነጋገር በወላጅ ላይ የሚፈጸም በደል ይመስለኛል። የሚለመደው ሦስት ነገር ነው፤ መክፈት፣ መግለጥ፣ መዝጋት። ማግኔት ያለው ሽፋን ሲጨመርበት መክፈቱና መዝጋቱ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ማንሳትና መመለስ ይሆናል። ሜኑው በአማርኛ ስላልሆነ ቀሪውን ልጅ ጨርሶ ማስረከብ አለበት፦ ፊደሉን አጉልቶ፣ መጻሕፍቱን ጭኖ፣ ኪንድል ከሆነ መደብሩንና የኢንተርኔት ማሰሻውን በይለፍ ቃል ዘግቶ። ኪንድል የራሱ የኢሜይል አድራሻ ስላለው ዋሽንግተን ያለች ልጅ የላከችው ፋይል አዲስ አበባ ዋይፋይ ባለበት ቤት ራሱ ይገባል።

ከመስጠት በፊት አማርኛው በገዛ ዓይን ይታይ። በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ከመጣ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ፣ በገመድ ፎንትስ ወደሚባለው ፎልደር ይገለበጣል፤ ኪንድልም ኮቦም ይቀበላሉ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ግን ፋይሉ የቀድሞዎቹን የግዕዝ ሶፍትዌሮች ኮድ ይዟል ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እንዲህ ያሉ ፋይሎች አሁንም አሉ፤ ካልተለወጡ በቀር አይነበቡም።

አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በቴሌግራም የሚዞረው ስካን አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተሠራ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀውም ይህንኑ የደራሲውን መብት ነው። ደራሲውና አሳታሚው ሕጋዊ ኢፐብ ቢያዘጋጁ ደራሲው የልፋቱን ያገኛል፣ የአረጋውያን ዓይንም ይድናል። የአማርኛ መጻሕፍት ገበያ እስካሁን ያላያቸው አንባቢዎች ቢኖሩ እነዚህ ናቸው። ፊደል ቢጎላም የማያዩ ወላጆች ደግሞ ኢ-ሪደር አያስፈልጋቸውም፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ትውልድ መጽሐፍን በጆሮ መቀበል ያውቅበታል፤ ለእነሱ ጥሩ ድምፅ ያለው ትንሽ ማጫወቻ ይገዛላቸው።