ስለ መቀመጫው ሐዲድ

ትናንት በተወለድሁባት በአሶሳ ከአንድ የሽመል ወንበር ሠሪ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እርሳቸው የአንድ አሮጌ ወንበር ካስማ ከገባበት ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ሲል አሳይተውኝ፣ «ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል፤ ይህ እንጨት ይለወጣል እንጂ አይጠገንም» ባሉኝ ጊዜ፣ የአውሮፕላን ጠጋኝ ነኝና፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን የትንሿን አውሮፕላን መቀመጫ ሐዲድ ነገር ልጽፍላችሁ ወሰንሁ።

ብዙ አብራሪዎቻችን ፊደል በሚቆጥሩባት በሴስና 172 ውስጥ መቀመጫው በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ በተፈለገው ስፍራ የሚያቆመውም ከሐዲዱ ቀዳዳዎች በአንዱ የሚገባ የብረት ፒን ነውና፣ ብርቱው ለስላሳውን ቀን በቀን እየበላው ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ፒኑ ሊነሣ በፈጠነ አውሮፕላን ላይ ቢያመልጥ መቀመጫው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰውም በጠባዩ ሲወድቅ የጨበጠውን አይለቅምና አብራሪው መሪውን ይዞ ይጎትታል፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሎ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ያጣል። አየሩ በሳሳበት በደጋው፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥበት አገራችን፣ አውሮፕላኒቱ ከፍታ የምትይዘው በዝግታ ስለ ሆነ፣ ስሕተትን ለማረም የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ስለ ወደቀ አንድ ሴስና 185፣ የመቀመጫው መንሸራተት ምክንያት ነው ተብሎ፣ በ2001 የፍሎሪዳ ችሎት በፋብሪካው ላይ የ480 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈርዷል።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1987 አውጥቶ በ2011 ያደሰው ትእዛዝ፣ ሐዲዱ በየ100 የበረራ ሰዓት ወይም በየ12 ወሩ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ቀዳዳው ከ0.36 ኢንች ካለፈ በጥንቃቄ እየተለካ ይቆያል፣ ከ0.42 ኢንች ካለፈ ግን ሐዲዱ ሳይለወጥ መብረር የለም፤ ፒኑም ቢያንስ 0.15 ኢንች ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ቀዳዳውን በብየዳ እንሙላው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፣ እሳቱ በልዩ ሙቀት የጠነከረውን አሉሚኒየም ያለሰልሰዋልና። ትክክለኛው ሥራ ሪቬቶቹን በትራፓኖ አውጥቶ፣ ከሥር ያለውን ወለል ከዝገትና ከስንጥቅ መርምሮ፣ አዲሱን ሐዲድ መምታት ነው።

ተለማማጅ በነበርሁ ጊዜ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ለክቼ ደኅና ናቸው ብዬ ፈርሜ ነበር፤ መምህሬ ግን ተቀምጠው በእግራቸው ወለሉን ገፍተው መቀመጫውን ወደ ኋላ ቢያስኬዱት ከነሰውነታቸው ሸሸ። ወርጄ ባይ፣ አሁን ከአሶሳ መንገድ ጫማዬ ላይ እንደ ተጣበቀው ያለ ቀይ አፈር በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ፣ ፒኑ ከጫፉ በቀር እንዳይገባ ከልክሎታል። ቀዳዳው ልኩን አላለፈም ነበር፤ እኔ ስፋቱን ብቻ እንጂ ጥልቀቱን አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ካሊፐሬን ከማውጣቴ በፊት ቀዳዳውን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ለክቼም ስጨርስ ራሴ ተቀምጬ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ እገፋዋለሁ።