ስለ ውሃ ወዳድ ማኅተም አሠራር

ማኅተም በሰም ላይ ሲጫን ቅርጹን እንደሚተው ሁሉ፥ በዚህ ዘመን ያሉ ሊቃውንት በዐይን የማይታይ ቅርጽ የሚያትም ማኅተም ይሠራሉ። መለኪያውም ማይክሮንና ናኖሜትር ይባላል። አንድ ሚሊሜትር በ1000 ቢከፈል አንዱ እጅ ማይክሮን ነው፤ ማይክሮንም ደግሞ በ1000 ቢከፈል አንዱ እጅ ናኖሜትር ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ላሰበ ሰው የሥራው ረቂቅነት ይገለጥለታል።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ዋይትሳይድስና አሚት ኩማር፥ ሲሊኮን ከሚባል ለስላሳ ጎማ በተሠራ ማኅተም በወርቅ ገጽ ላይ ረቂቅ ቅርጽ ማተም እንደሚቻል ገለጡ። ነገር ግን ይህ ጎማ እንደ ሰም ውሃን ይገፋል። የሕያዋን ነገሮች ኑሮ በውሃ ስለ ሆነ፥ ፕሮቲንን ወይም ሕያዋን ሕዋሳትን ለማተም ውሃን የሚወድ ሌላ ማኅተም አስፈለገ።

ለዚህም ከባሕር ሣር የሚወጣው አጋሮዝ ተመረጠ። አጋሮዝ ፖሊመር ነው፤ ይኸውም ጥቃቅን ክፍሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። 3 እጅ የአጋሮዝ ዱቄት በ97 እጅ ውሃ ተበጥብጦ እስኪጠራ ድረስ ይፈላል። ትኩሱም ቅርጹ አስቀድሞ በወጣበት የሲሊኮን ፎርማ ላይ ይፈስሳል። ከ40 ዲግሪ በታች ሲበርድ እንደ አደረ የአጥንት መረቅ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። ጎማው ውሃን ስለሚገፋ አይጣበቀውም፤ በዚያኛው ሥራ ጕድለት የነበረው ጠባይ በዚህ ይረዳል። የረጋውም ማኅተም የታተመበትን ፈሳሽ ጠጥቶ ይይዛል፥ በተጫነም ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይሰጣል።

በ2005 ዓ.ም. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንዲህ ባለ ማኅተም ላይ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን አኖሩ። እነርሱም በማኅተሙ ውስጥ ካለው ምግብ እየተመገቡ ስለ ተባዙ፥ ማኅተሙ ሌላ ሳይጨመርበት ደጋግሞ አተመ።

ይሁን እንጂ አጋሮዝ ነፋስ ሲያገኘው ይደርቃል፥ ይኰማተራልም፤ ለስላሳ ስለ ሆነም እጅግ የረቀቀውን ቅርጽ አይጠብቅም። ስለዚህ ከማይክሮን ላነሰ ቅርጽ፥ በዐይን በማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲጠነክር ከሚደረግ ፖሊኤቲሊን ግሊኮል ፎርማ ይሠራል።

የነገሩን መሠረት መምህር በቀላሉ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል። የአንድን መስተዋት እኩሌታ ሰም ይቀባ፥ እኩሌታውን በሳሙና ይጠብ፤ በሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ያኑር። ጠብታው በሰሙ ላይ እንደ ዶቃ ይከባል፥ በንጹሑ ላይ ግን ይዘረጋል። ከዚህም ተማሪው፥ ሠራተኛ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ እንደሚገባው ይማራል።