የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በድንገት የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሳለ፤ ከጧት ጀምረው የጻፉት ደብዳቤም ሊያልቅ ጥቂት መሥመር ሲቀረው ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ቢጠፋ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን እንደገና እናበራዋለን፤ ደግሞ ሲጠፋ እናማርራለን፤ በመጨረሻም «አርጅቷልና ይለወጥ» ብለን ለግዢ ክፍል እንጽፋለን። ነገር ግን መሣሪያ እንደ ሰው ሁሉ የሕመሙን ምልክት ያሳያልና፤ ምልክቱን ያላስተዋለ ሰው ያልታመመውን አካል ያሳክማል።

ይህን የምነግርዎ እኔ ራሴ ከዚህ ስሕተት ስላላመለጥሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ንግግሬን የማዘጋጅበት ኮምፒዩተር በየግማሽ ሰዓቱ ይጠፋ ነበር። የጥገና ሠራተኛው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው የኃይል ሣጥን ይለወጥ አለ፤ ተለወጠም። በማግሥቱ ግን እንደ ልማዱ ጠፋ። ኋላ በደንብ ተከፍቶ ሲታይ በማራገቢያው ሥር እንደ ጥጥ የተነጠፈ አቧራ ተገኘ። ገንዘቡ በከንቱ ወጣ፤ የሥራውም ጊዜ አብሮ ባከነ።

ለድንገተኛው መጥፋት ብዙ ምክንያት ቢኖርም በተለይ ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ አንደኛው የሙቀት መብዛት፤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሙቀት እንመልከት። የኮምፒዩተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት በላዩ የተጫነው ባለ ክንፍ ብረት ይቀበለዋል፤ ማራገቢያውም በነፋስ ያስወግደዋል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ደግሞ ሙቀትን የሚያሻግር ስስ ቅባት አለ። እንግዲህ አቧራ ክንፎቹን ሲደፍናቸው፤ ወይም ቅባቱ በዕድሜ ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በከባድ ሥራ ላይ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ግን ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ አልበርድ ካለም ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፤ የዚህን ሙቀት ብርታት ከዚህ ይገምቱ።

ደግሞም ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ማራገቢያ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢዞር፤ በዚህ የሚያወጣው ሙቀት በምፅዋ ወይም በጅቡቲ ሊያወጣው ከሚችለው ያንሳል። የአየራችን ቅዝቃዜ ቢያግዘውም «አገሩ ብርድ ነው» ብሎ አቧራውን መተው አያዋጣም።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ከግድግዳው የምናገኘው ኃይል 220 ቮልት ነው። የኃይሉ ሣጥን ይህን ተቀብሎ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር 12፣ 5ና 3.3 ቮልት አድርጎ ያከፋፍላል። የተፈቀደው ልዩነት ከመቶ 5 ነው። ስለዚህ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6፤ 5 ቮልቱም ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ክልል ውስጥ መገኘት አለበት። ከዚህ ከወጣ ኮምፒዩተሩ ይሳሳታል፤ ይደርቃል፤ ወይም ራሱን አጥፍቶ ያበራል።

ታዲያ ሁለቱን ሕመሞች በምን እንለያቸዋለን? ሙቀት ቀስ ብሎ ይመጣል። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሥራው ይንቀረፈፋል፤ ከዚያም ይጠፋል። ወዲያው ቢያበሩት ቶሎ ይጠፋል፤ አርፎ ከበረደ በኋላ ግን ይሠራል። የኃይል ጉድለት ግን ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም መብራቱ ሲደበዝዝ ወይም ከባድ ሥራ ሲጀመር ይታያል። ለማረጋገጥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ የሚባለውን ገጽ ይክፈቱ፤ በብዙዎቹ ላይ የሙቀቱም የቮልቱም ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ያ ገጽ የሚታየው ሥራ በሌለበት ጊዜ ስለ ሆነ፤ ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ በሥራ ላይ ሳለ በቮልት መለኪያ ይለካው።

መድኃኒቱን ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምሩ። ኮምፒዩተሩን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። ከዚያም አጥፍተው፤ ከሶኬቱ ነቅለው፤ የጎኑን ክዳን ከፍተው ማራገቢያው እንዳይዞር በጣት እየያዙ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ይጥረጉ። ይህ ካልበቃ ባለሙያ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ አዲስ ቅባት ያድርግበት። ኃይሉን ከጠረጠሩ ደግሞ በሌላ ሶኬት ይሞክሩት፤ በዚያው ሶኬት ላይም ሌላ ኮምፒዩተር ይሰኩ። ሁለተኛውም ከጠፋ ጉድለቱ ከመሥመሩ ሊሆን ይችላል። የቮልቱን መዋዠቅ ስታቢላይዘር ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራዎን ለማስቀመጥ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥዎ ግን ዩፒኤስ ነው። የኃይሉን ሣጥን ራሱን ግን ከቶ አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላልና።

ሁለቱ ሕመሞች ዘመዳሞች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። በኃይሉ ሣጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የዛሬው አቧራ የነገው የኃይል ጉድለት ነው።

እንግዲህ ወደ ፊት «ኮምፒዩተሩ አይሠራም» ብለው ብቻ አይጻፉ። በስንት ደቂቃ እንደ ጠፋ፤ ቁጥሩ ስንት እንደ ነበረ፤ መብራቱም ደብዝዞ እንደ ሆነ ይግለጹ። እንዲህ ያለው ማስታወሻ የመንግሥትን ገንዘብ ካልታመመው አካል ላይ ከመዋል ያድናል፤ በመስኮቱ ፊት የቆመውንም ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ከመባል ያሳርፈዋል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።